«አንጀቱ ተላወሰ»፦ ስለ አንድ የግሪክ ግሥ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በዚህ እትም ስለ አንድ የግሪክ ግሥ ጥቂት ለመጻፍ ተነሥተናል። «ደሴና ኮምቦልቻ ለምንኖር ወጣቶች የግሪክ ግሥ ምን ያደርግልናል?» የሚል ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችንም አጭር ነው፤ ግሪክኛ እንደምናስበው ያህል ለእኛ ባዕድ አይደለም። በየዓመቱ በስቅለት ዕለት ምእመናን ሁሉ፣ ፊደል ያልቈጠሩት እናቶቻችን ሳይቀሩ፣ እየሰገዱ «ኪርያላይሶን» ይላሉ። ይህ ግሪክኛ ነው። «ኪርዬ» ማለት «ጌታ ሆይ» ማለት ሲሆን «ኤሌይሶን» ደግሞ «ማር፤ ምሕረት አድርግ» የሚል የትእዛዝ ግሥ ነው። እንግዲህ አንዱን የግሪክ ግሥ ከሕፃንነታችን ጀምሮ በጉልበታችን ስንማረው ኖረናል ማለት ነው።

ዛሬ የምንመለከተው የዚህን ግሥ የትርጉም ጎረቤት ነው። ሰው ተጨንቆ ወደ ጌታ ሲጮህ የሚለው «ኤሌይሶን» ነው፤ ጌታ ጩኸቱን ሲሰማ በውስጡ የሆነውን ነገር ወንጌላውያን የገለጹት ግን በሌላ ግሥ ነው። በኢያሪኮ መንገድ ዳር ተቀምጠው የነበሩት ሁለቱ ዕውራን የጮኹት በመጀመሪያው ግሥ ነው (ማቴ. 20፥30-31)። ጌታ ቆሞ ዐይናቸውን ሲዳስስ ግን ማቴዎስ የጻፈው ሁለተኛውን ግሥ ነው (ማቴ. 20፥34)። እነሆ፣ ትምህርታችን በዚህ በሁለተኛው ግሥ ላይ ነው።

ሀ. ቃሉና ምንጩ

ግሡ «ስፕላንክኒዞማይ» ይባላል። አነባበቡ ለምላስ ያስቸግራል፤ ትርጉሙ ግን አማርኛ ለሚናገር ሰው ከቶ አያስቸግርም። የተገኘው «ስፕላንክና» ከሚለው ስም ሲሆን፣ ስፕላንክና ማለት የሆድ ዕቃ ማለት ነው፤ ልብን፣ ሳንባን፣ ጉበትን፣ ኩላሊትን፣ አንጀትን ሁሉ ያጠቃልላል። የጥንት ግሪኮች ለአማልክቶቻቸው እንስሳ ሲሠዉ አስቀድመው የሚቀምሱት ይህን የሆድ ዕቃ ነበር። በግሪክኛ በሚገኘው በ2ኛው መጽሐፈ መቃብያን (6፥8)፣ ይኸውም እኛ ዘንድ ካሉት መጻሕፍተ መቃብያን የተለየ ነው፣ ግሡ በአድራጊ መልኩ ሲመጣ የመሥዋዕቱን ሆድ ዕቃ መብላት ማለት ሆኖ እናገኘዋለን። በሐዋርያት ሥራ 1፥18 ላይም ስለ ይሁዳ አሟሟት ሲነገር ስሙ በቁሙ አንጀት ማለት ነው፤ የአማርኛውም መጽሐፍ ቅዱስ እንዲሁ «አንጀት» ብሎ ተርጕሞታል።

በአዲስ ኪዳን ግን ግሡ በአድራጊ መልክ አንድ ጊዜ እንኳ አልተጻፈም። የምናገኘው በሌላ መልክ ነው፤ በእኛ ሰዋስው «ተ» እንደምትጨምር፣ «ተላወሰ» እንደምንለው ያለ ነው። ሰውዬው አንጀት አይበላም፤ የራሱ አንጀት ይላወሳል እንጂ። አማርኛችንም የተቸገረ ሰው አይተን ስንራራ «አንጀቴን በላው» ያሰኘናል። «አንጀቴ አልችል አለ»፣ «ሆዴ ባባ» እንላለን። ርኅሩኁን ሰው «ሆደ ቡቡ» እንለዋለን። ዕብራውያንም ከዚህ አይርቁም፤ ርኅራኄን የሚጠሩበት «ራሐሚም» የተባለው ቃላቸው «ሬሔም» ከሚለው፣ ማለትም ከማሕፀን ጋር የተዛመደ ነው። እኛ «የወላድ አንጀት» የምንለውን እነርሱም በራሳቸው መንገድ ብለውታል።

ሐዋርያው ጳውሎስ ከጌታው የኮበለለውን ባሪያ አናሲሞስን ወደ ፊልሞና መልሶ ሲልከው «ስፕላንክናዬ ነው» ብሎ ጻፈለት (ፊልሞና 12)። ይህን ቃል የወሎ እናት ብትሰማው አስተርጓሚ አያስፈልጋትም፤ ልጇን «ሆዴ!» ብላ የምትጠራ እርሷ ናትና።

የአማርኛ ተርጓሚዎች ይህን ግሥ በብዙው ቦታ «አዘነ» በሚለው ቃል አቅርበውታል። መልካም ቃል ነው፤ ነገር ግን ልናስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። «አዘነ» ሁለት ፍቺ አለው። ንብረቱ የጠፋበትም ሰው አዘነ ይባላል፤ ንብረቱ ለጠፋበት ሰው የራራውም አዘነ ይባላል። የሚለያቸው አንዲት ትንሽ ፊደል ናት፤ «አዘነለት» ስንል «ለ» ገብታ ሐዘኑን ከራስ አውጥታ ወደ ሌላው ትወስደዋለች። በግሪኩም ብዙ ጊዜ ከግሡ ጋር «ኤፒ» የተባለ መስተዋድድ ይታከላል፤ ትርጉሙ «በ... ላይ» ማለት ነው። እንግዲህ ሐዘኑ የሚያርፍበት ሰው አለ። ማንም ላይ የማያርፍ ርኅራኄ በዚህ ግሥ አይጠራም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ማከል ይገባል። የቃል ምንጭ ሁልጊዜ የቃሉ ትርጉም ነው ማለት አይደለም። እናት «ሆዴ» ስትል ስለ ጨጓራ እንደማታስብ ሁሉ፣ ግሪኩም ግሡን በተናገረ ቍጥር ስለ ጉበትና ስለ ሳንባ ያስባል ማለት አንችልም። የቃልን ትርጉም የሚወስነው አጠቃቀሙ ነው። ስለዚህ ከምንጩ ወጥተን ወንጌላውያን እንዴት እንደተጠቀሙበት እንመልከት።

ለ. ግሡ የሚገኝባቸው 12 ቦታዎች

ግሡ በአዲስ ኪዳን ውስጥ የሚገኘው 12 ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ሁሉም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወንጌላት ውስጥ ነው። በማቴዎስ 5፣ በማርቆስ 4፣ በሉቃስ 3 ጊዜ ተጽፏል። ከ12ቱ 8ቱ ስለ ጌታችን ስለ ራሱ የተነገሩ ናቸው። አንዱ የታመመ ልጅ አባት ጌታን የለመነበት ነው (ማር. 9፥22)። የቀሩት 3 ጌታ በምሳሌ ስለ ተናገረላቸው ሰዎች ናቸው፤ እነርሱም ዕዳ የማረው ጌታ (ማቴ. 18፥27)፣ ደጉ ሳምራዊ (ሉቃ. 10፥33) እና የጠፋው ልጅ አባት (ሉቃ. 15፥20) ናቸው።

አሁን ከግሡ ቀጥሎ የሚመጣውን ግሥ እንከተል። ለምጻሙን ባየ ጊዜ አንጀቱ ተላወሰ፤ እጁን ዘርግቶ ዳሰሰው (ማር. 1፥41)። የሕመምተኞቹን ብዛት አይቶ አንጀቱ ተላወሰ፤ ፈወሳቸው (ማቴ. 14፥14)። እረኛ እንደሌለው መንጋ የሆኑትን አይቶ አንጀቱ ተላወሰ፤ ያስተምራቸው ጀመር (ማር. 6፥34)። በናይን ከተማ በር አንድ ልጇን ልትቀብር የምትሄደውን መበለት አይቶ አንጀቱ ተላወሰ፤ ቃሬዛውን ነክቶ ልጁን አስነሣላት (ሉቃ. 7፥13-15)። ዕዳ የተቈለለበት አገልጋይ ጌታ አንጀቱ ተላወሰ፤ ለቀቀው፣ ዕዳውንም ተወለት። የጠፋው ልጅ አባት አንጀቱ ተላወሰ፤ ሮጠ፣ አቀፈ፣ ሳመ።

ከሁሉ የሚደንቀው ጌታ ግሡን በራሱ አፍ ስለ ራሱ የተናገረበት ቦታ ነው፤ ማቴዎስም (15፥32) ማርቆስም (8፥2) ጽፈውታል። ሕዝቡ ሦስት ቀን አብረውት ቆይተው ስንቃቸው አልቆ ነበር። ጌታም ስለ መንገዳቸው ተጨነቀ፤ ከሩቅ የመጡ ስላሉ ጾማቸውን ቢሰናበቱ በመንገድ እንዳይዝሉ አሰበ። የተላወሰ አንጀት የሰውን የመመለሻ መንገድ ሳይቀር ያስባል። ከዚያም 4,000 ሰዎችን መገበ።

እንግዲህ አንድ ነገር ግልጽ ሆነልን። ይህ ግሥ በወንጌል ውስጥ ብቻውን ቆሞ አይቀርም፤ በኋላው ሌላ ግሥ ይጎትታል። ዳሰሰ፣ ፈወሰ፣ አስተማረ፣ መገበ፣ ተወለት፣ ሮጠ። እኛ ሀገር የተለመደ ሌላ ዓይነት ርኅራኄ አለ፤ ከንፈር መምጠጥ። የተቸገረውን አይቶ፣ ከንፈርን መጥጦ፣ «ወይ ጉድ!» ብሎ ማለፍ። አማርኛችን ለዚህም ስም አውጥቶለታል፤ «ከአንገት በላይ» ይለዋል። ከንፈር ያለው ከአንገት በላይ ነው፤ አንጀት ያለው ከአንገት በታች ነው። የግሪኩን ግሥ ልዩነት በአንድ ዐረፍተ ነገር አስረዱ ብንባል ከዚህ የተሻለ መግለጫ አናገኝም።

ሐ. ሦስት ሰዎች አዩ

ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የሚወስደው መንገድ ቁልቁለት ነው፤ ርቀቱም ከ25 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ከደሴ በሐረጎ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ለሚወርድ ሰው ይህ መንገድ ሩቅ ሀገር አይደለም፤ የእኛም መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ እየተጠማዘዘም ከደጋው ወደ ሞቃቱ ሜዳ ይወርዳል። ስለዚህ ምሳሌውን ስናነብ ጦሳን ከጀርባችን፣ ቦርከናን በግርጌያችን አድርገን ብናስበው ያምርብናል።

በዚያ መንገድ ወንበዴዎች ደብድበው የጣሉት ሰው ነበር። ካህኑ አየውና አለፈ። ሌዋዊውም አየውና አለፈ። ሳምራዊውም አየው። «አየ» የሚለው ግሥ ለሦስቱም እኩል ተጽፏል። ልዩነቱ ከማየት ቀጥሎ ነው፤ ለሁለቱ የተጻፈው «በሌላ ወገን አለፈ» የሚል ሲሆን፣ ለሦስተኛው ግን ስፕላንክኒዞማይ ተጻፈ። ካህኑና ሌዋዊው ዐይን አልጎደላቸውም፤ ሕግም አልጎደላቸውም። የጎደላቸው ከአንገት በታች ያለው ነው።

ከዚያ ግሦቹ ተከታትለው ይመጣሉ። ቀረበ፤ ቍስሉን አሰረ፤ ዘይትና የወይን ጠጅ አፈሰሰ፤ በራሱ ከብት ላይ ጫነው፤ ወደ እንግዶች ማደሪያ ወሰደው፤ ሲያስታምመው አደረ፤ በማግሥቱ ሁለት ዲናር ከፈለ። ዲናር በዚያ ዘመን የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነበረና (ማቴ. 20፥2) ሁለት ዲናር የሁለት ቀን ሙሉ ድካም ነው። ለተጨማሪው ወጪም ስመለስ እከፍላለሁ ብሎ ቃል ገባ። ከኪሱ የተረፈውን ሳንቲም አልወረወረለትም፤ ቀኑን፣ ከብቱን፣ ሌሊቱን፣ ደመወዙንና ተመልሶ የሚመጣበትን ቀን ሰጠው እንጂ።

ሳምራዊው በሃይማኖት ከቍስለኛው ወገን የተለየ ሰው እንደ ነበረ መርሳት የለብንም። ይህን እኛ የወሎ ልጆች ከሌላው ቀድመን ልንረዳው ይገባናል። በወሎ በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ ክርስቲያንና ሙስሊም አሉ፤ የአንዱ አጎት ሼኽ፣ የሌላው አያት ቄስ ሆነው ይገኛሉ። በሠርግ ጊዜ ለእንግዳው የራሱ ወገን ያረደለት ሥጋ ለብቻው ይዘጋጃል፤ ልቅሶ ሲሆን ግን ድንኳኑ አንድ ነው። ቍስለኛ ሲያጋጥም መጀመሪያ ስሙን ጠይቆ፣ ከስሙ ሃይማኖቱን ገምቶ፣ ከዚያ የሚላወስ አንጀት በወንጌል የተጻፈው ዓይነት አንጀት አይደለም። ሳምራዊው የሰውየውን ስም እንኳ አልጠየቀም።

መ. አንጀትን መዝጋት

ወንጌላዊው ዮሐንስ ግሡን በወንጌሉ አልጻፈውም። በመጀመሪያይቱ መልእክቱ ግን ስሙን አንድ ጊዜ ጽፎታል፤ እርሱም እጅግ የሚያስፈራ ቦታ ነው (1ኛ ዮሐ. 3፥17)። የዚህ ዓለም ሀብት እያለው፣ ወንድሙ መቸገሩን እያየ፣ ስፕላንክናውን የሚዘጋበት ሰው የእግዚአብሔር ፍቅር በምን መንገድ በእርሱ ይኖራል ብሎ ይጠይቃል። ግሪኩ በቀጥታ «የሚዘጋ» ይላል፤ በር እንደሚዘጋ ማለት ነው። አንጀት በር አለው። በሩም የሚዘጋው ካየ በኋላ ነው፤ ያላየ ሰው የሚዘጋው ነገር የለውም።

ይህ ነገር በወሎ ምድር በታሪክ ታይቷል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረኃብ በወሎ ሕዝብ ላይ ሲወርድ ገበሬው ከየወረዳው ተነሥቶ ወደ ዋናው መንገድና ወደ ደሴ ጎረፈ። የዚያን ጊዜው መንግሥት ነገሩ እንዳይሰማ ደበቀው። የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ፎቶግራፍ ይዘው ቢያሳዩም ሰሚ አላገኙም። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው «ያልታወቀው ረኃብ» የተባለ ፊልም በሀገሩ ቴሌቪዥን ሲታይ ዓለም ደነገጠ። ለመንገዱ ዳር ሰው ግን ረኃቡ ያልታወቀ አልነበረም፤ የታወቀ፣ የታየ፣ ነገር ግን የተዘጋበት ረኃብ ነበር።

ዐሥራ አንድ ዓመት ቆይቶ ደግሞ ያ «ሰባ ሰባት» እየተባለ የሚጠራው መጣ። በመስከረም 1977 ዓ.ም. ደርግ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ አከበረ፤ በዚያው ወቅት በኮረም፣ ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ በነበረችው ከተማ፣ ሰው እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። በጥቅምት ወር የቢቢሲው ማይክል ቡዋርክ ከኮረም ያስተላለፈው ዘገባ የዓለምን አንጀት በላ፤ በሐምሌም «ላይቭ ኤይድ» የተባለው ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት ለተራቡት ገንዘብ አሰባሰበ። ከሁለቱም ዘመናት አንድ ትምህርት እናገኛለን፤ ሁለቱም መንግሥታት ዐይን ነበራቸው። ሰው የሚሞተው እህል በማጣት ብቻ አይደለም፤ ባየው ሰው የሆድ በር መዘጋትም ጭምር ነው። ይህ ለመንግሥት ብቻ የተነገረ እንዳይመስለን። ዮሐንስ የጻፈው ለንጉሥ አልነበረም፤ «ልጆቼ ሆይ» እያለ ለምእመናን ነው።

ሠ. የቦሩ ሜዳ ሁለት ትዝታ

ከደሴ በስተ ሰሜን ጥቂት ራቅ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳ ለቤተ ክርስቲያን ታሪክ ትልቅ ስም ነው። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሊቃውንቱን ሰብስበው ስለ ምሥጢረ ሥጋዌ የነበረውን ረጅም ክርክር ያስቈረጡት በዚያ ነው። ቃል በቃል ተመዝኗል፤ ስለ አንዲት ቃል ትርጉም ብዙ ተነግሯል። ቃልን በትክክል መተርጐም ቀላል ነገር እንዳልሆነ እኛም ስለ ግሥ የምንጽፈው ሰዎች እናውቃለን። ከዚያው ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ መታዘዛቸውም የታሪክ እውነት ነው፤ ብዙ እንባም አስከትሏል።

ቦሩ ሜዳ ግን ሌላም ትዝታ አለው። በዚያው አካባቢ የተቋቋመው ሆስፒታል በሥጋ ደዌ ሕክምና ታውቆ የኖረ ነው። ሥጋ ደዌ የያዘው ሰው ከመንደር በሚገለልበት፣ ዘመድ እንኳ በሩቁ ምግብ አስቀምጦለት በሚሸሽበት ዘመን፣ በቦሩ ሜዳ ቍስሉን የሚነካ እጅ ተገኘለት። ጌታ ለምጻሙን ሳይዳስሰው በቃል ብቻ ሊያነጻው ይችል ነበር፤ ሌሎችን በቃል ፈውሷልና። ለዚህ ሰው ግን ከቃሉ በፊት እጁን ዘረጋ። ሰውዬው ከመንጻቱ ይልቅ የመዳሰስ ረኃብ ነበረበትና።

ደሴ ከተማ ውስጥ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ «አይጠየፍ» ነው። ማንንም የማይጠየፍ ማለት ነው። የግሪኩን ግሥ በአንድ የአማርኛ ቃል ፍቱ ብንባል ከዚህ ስም የሚቀርብ እናገኝ ይሆንን? ርኅራኄ መጠየፍ ካለበት ውርደት ይሆናል፤ ከላይ ወደ ታች የሚወረወር ነገር ይሆናል። የጠፋው ልጅ አባት ልጁ እስኪታጠብ አልጠበቀም፤ የእሪያ ሽታ እንዳለበት አቀፈው።

ረ. የራሱ ሐዘን ያለበት ሰውስ?

ከዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። «እኛ ራሳችን ቍስለኞች ነን፤ ለሌላው የሚላወስ አንጀት ከየት እናምጣ?» የሚል አለ። ጥያቄው የስንፍና ጥያቄ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ከሰሜን ወሎ በጦርነቱ የተፈናቀሉ ወገኖች ወደ ደሴ ጎረፉ። ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ፤ ነዋሪው ከጓዳው እንጀራ እያወጣ አጎረሰ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ግን ያስተናገደው ሰው ራሱ ሻንጣውን ተሸክሞ ስደተኛ ሆነ። ከዚያ ሲመለስ የተዘረፈ ቤት፣ የጎደለ ቤተሰብ ያገኘ ብዙ ነው። እንዲህ ላለ ሰው «ራራ» ማለት ቀላል አይደለም።

ማቴዎስ ምዕራፍ 14ን ከዚህ አንጻር እናንብብ። ዮሐንስ መጥምቅ ተገደለ። ጌታም ይህን በሰማ ጊዜ በታንኳ ብቻውን ወደ ምድረ በዳ ፈቀቅ አለ። ሕዝቡ ግን በእግር ተከትሎ ደረሰበት። ከታንኳ ሲወርድ ብዙ ሕዝብ አየ። ያ ግሥ የተጻፈው በዚህ ሰዓት ነው፤ የቅርብ ሰው በሞተ ማግሥት፣ የፈለጉት ዕረፍት በታጣበት ሰዓት። ጌታ ሐዘኑን እስኪጨርስ አልቆየም፤ ሐዘንተኛ ሳለ አንጀቱ ለሌላው ተላወሰ። የተጎዳ አንጀት የግድ የደነደነ አንጀት አይሆንም፤ እንዲያውም የሌላውን ሕመም ፈጥኖ ያውቃል። በልቅሶ ቤት ሐዘንተኛን ከሁሉ በላይ የሚያጽናናው ባለፈው ዓመት የቀበረ ሰው አይደለምን?

ይህ ማለት ሰው ሳይተኛ፣ ሳይበላ፣ ሳያለቅስ ይኑር ማለት አይደለም። ጌታም ደቀ መዛሙርቱን ጥቂት ዕረፉ ብሏቸዋል (ማር. 6፥31)። ዕረፍት ሌላ ነው፤ በር መዝጋት ሌላ ነው። ያረፈ ሰው ነገ ይነሣል፤ የዘጋ ሰው ግን ቍልፉን ሊያጣው ይችላል።

ሰ. እንግዲህ ምን እናድርግ?

1ኛ፤ እንይ። ከ12ቱ ቦታዎች በብዙዎቹ ከግሡ በፊት «አየ» የሚል አለ። ከገጠር ለፋብሪካ ሥራ መጥታ ኮምቦልቻ ውስጥ ቤት የተከራየች እኅት ስትታመም ውኃ የሚያቀብላት ማን ነው? በፒያሳ ጫማ እየጠረገ የሚማር ልጅ ደብተሩን የሚገዛው በምንድን ነው? ከሰፈራችን ልጆቻቸው ርቀውባቸው ብቻቸውን የቀሩ ሽማግሌ ቡና የሚያፈላላቸው ሰው አላቸውን? ያልታየ ሰው አንጀት አይበላም።

2ኛ፤ ግሡን ብቻውን አንተወው። «አንጀቴን በላው» ካልን በኋላ «ከዚያስ?» ብለን እንጠይቅ። ገንዘብ የሌለው ሰው አልተከለከለም፤ ከ12ቱ ቦታዎች በአንዱ ግሡን ተከትሎ የመጣው ሥራ ማስተማር ነበር፤ በሌላው ከተአምሩ በፊት «አታልቅሺ» የሚል ቃል ነበር። ያለው በዲናር፣ የሌለው በጊዜው፣ የተማረው በትምህርቱ፣ ጕልበት ያለው ውኃ በመቅዳት ያድርገው።

3ኛ፤ የተደረገልንን አንርሳ። ያ አገልጋይ የተተወለት ዕዳ 10,000 መክሊት ነበር፤ አንድ መክሊት 6,000 ዲናር ያህል ነውና በድምሩ 60,000,000 ዲናር ይሆናል። እርሱ ግን ወጥቶ 100 ዲናር የነበረበትን ባልንጀራውን አነቀ (ማቴ. 18፥28)። የጌታው አንጀት ተላወሰለት፤ የእርሱ ግን አልተላወሰም። የተቀበለው ርኅራኄ በእርሱ ዘንድ ቆመና ሞተ። እኛ ደግሞ በሰባ ሰባት የሌላ ሀገር ስንዴ የበላ፣ በ2014 ዓ.ም. በሰው ቤት ያደረ ሕዝብ ልጆች ነን። ከዚህም ሁሉ በላይ በመስቀሉ የተማርን ነን። የካህኑ ዘካርያስ ጸሎት የምሕረቱ ምንጭ የአምላካችን ስፕላንክና ነው ይላል (ሉቃ. 1፥78)። እንግዲህ እኛን ያዳነን ከአንገት በላይ የሆነ ርኅራኄ አልነበረም።

በሚመጣው ስቅለት «ኪርያላይሶን» እያልን ስንሰግድ የምንለምነውን እንወቅ። ማረን እንላለን፤ እርሱም ከውስጡ ይራራልናል። ሰግደን ስንነሣና ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ስንወጣ በግራና በቀኝ እጁን የዘረጋልን ሰው አለ። እርሱም በእኛው ቋንቋ «ስለ እመብርሃን! ስለ አላህ!» እያለ የሚለምነን ያንኑ ግሥ ነው። ለእርሱ የምንመልሰው መልስ ከከንፈር ይሁን ወይስ ከአንጀት?

እግዚአብሔር አምላክ የደነደነውን አንጀታችንን ያለስልስልን፤ የተዘጋውን ይክፈትልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።